ስድስተኛዋ ጣቴና የመንሱር እርግቦች

ቀኝ እጄ ላይ ስድስት ጣት አለኝ። ስድስተኛዋ ከትንሿ ጣቴ ጎን ወጥታ፣ የራሷን ጥፍር አብቅላ፣ እንደ ጥገኛ ሳይሆን እንደ ባለርስት የምትኖር ናት። ይህን ስጽፍም አብራኝ አለች፤ ሌሎቹ ብዕሩን ሲይዙ እሷ ወረቀቱን ደገፍ ትላለች፤ ቀለሙ መድረቁንና አለመድረቁን ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። አባቴም ነበረችው። የአባቴም እናት ነበረቻት።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ አረብኛውን ከቁርኣን ፊደል ተነስቼ ብቻዬን ነው፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ፈትቼ እየገጠምኩ። መካ ውስጥ፣ ኩዳይ፣ የሐጃጅ አውቶቡሶች በሚያድሩበት ግቢ በመካኒክነት ስሠራ፣ አንድ ሞተር ሲያስል ከሩቅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። ይህን ስል መኩራራት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ይምሰለው።

አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ከቀትር በኋላ ጋደም ስል መካ ትመጣለች። ስትመጣ መጀመሪያ በድምፅ ነው፤ የእርግቦች ጉርምርምታ፣ ከሩቅ የአዛን ማሚቶ፣ በደረጃው ላይ የሚወጣ የላስቲክ ጫማ ኮቴ። ቀጥሎ ብርሃኑ ይመጣል፤ ያ ተራሮቹን አሟሙቶ ውሃ የሚያስመስላቸው ነጭ ብርሃን። ከዚያ ራሴን ጣራው ላይ አገኘዋለሁ፤ ወጣት ሆኜ፣ እህል በእጄ ይዤ። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።

ቤታችን መንሱር በሚባለው ሰፈር ነበር። ከገበያው ጀርባ፣ ዳገቱን ተደግፎ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት ነው። የላይኛዋ ክፍልና ጣራው የእኔ ነበሩ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ሚስቴና ልጆቼ አገር ቤት ቀርተዋል፤ የመውጫ ፈቃድ ይገኛል ሲባል እየጠፋ፣ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ከእኔ በታች ባለችው ክፍል አንድ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። እሱ እንደ እኔ የወሎ ልጅ ነው፤ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን የተሻገረ፣ ኩዳይ ውስጥ የአንድ ሆቴል ዘበኛ። ቁመናው ሸንቀጥ ያለ፣ ሳቂታ፣ ሲናደድ ግን የእጁን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እያሸ ዝም የሚል ሰው ነበር። እሷ መካ ነው የተወለደችው። ቅድመ አያቶቿ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ሐበሾች ናቸው። አማርኛዋን ከአያቷ ተምራ ከአረብኛ ጋር እንደ ቅመም ቀላቅላ ነበር የምትናገረው። ከታች ሆና ወደ ጣራው ትጣራለች፦

«ያ አሚ! ሻይ ላምጣልህ፣ ወላ ኸላስ ጠጥተሃል?»

አሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው። ጠጥቼም ከሆነ አልጠጣሁም እላታለሁ።

እርግብ ማርባት የጀመርኩት ከብቸኝነት ነው። ጂዳ ገበያ ውስጥ ሁለት ቁንጮ ያላቸው እርግቦች አየሁ። አናታቸው ላይ ላባው ወደ ላይ ቆሞ፣ ልክ አገራችን ሕፃን ልጅ ላይ እንደምትተው ቁንጮ። አልቻልኩም፤ ገዛኋቸው፤ ካርቶን ቀድጄ መተንፈሻ ሠርቼላቸው፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ መካ አመጣኋቸው። ወንዱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሴቷ ብቻዋን ቀረች፤ እንደ እኔ።

መካን የሚያውቅ የሐረሙን፣ የታላቁን መስጊድ፣ እርግቦች ያውቃል። አመድማ፣ አንገታቸው በፀሐይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሚሆን። አይያዙም፣ አይባረሩም፤ ክልክል ነው። ለእነሱ እህል የማይበትን ሰው የለም። እኔም ጣራዬ ላይ እበትን ነበር። ከእነሱ አንዱ ወንድ በዚያች ባለቁንጮ መበለት ፍቅር ወደቀ። እኔ አልያዝኩትም፤ አላህ ያውቃል። ራሱ መጣ፣ ራሱ አንገቱን ነፍቶ ዞራት፣ ራሱ ቤቷ ገባ።

ጫጩቶቹ ሲያድጉ ግን አንዳቸውም ቁንጮ አልነበራቸውም። ሁሉም እንደ አባታቸው አናታቸው ልሙጥ ነው። አዘንኩ። ያ ጌጥ ከዓለም የጠፋ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው መጽሐፉን ያገኘሁት። መንሱር ገበያ ውስጥ አንድ ሰውዬ አሮጌ የተማሪ መጻሕፍት በጋሪ ይሸጥ ነበር። የሳይንስ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ የለም። ስገልጠው የአተር ሥዕል አየሁ። አንድ የፈረንጅ መነኩሴ በገዳሙ ጓሮ አተር እየተከለ፣ ረጅሙን ከአጭሩ፣ ቢጫውን ከአረንጓዴው እያዳቀለ፣ ዘር እንዴት እንደሚወርድ ደረሰበት ይላል። ቃል በቃል እየቆፈርኩ አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማንኛውም ፍጥረት ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ውርስ አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንደኛው ዓይነት ውርስ ገዢ ነው፤ አንድ ብቻውን ቢገኝም ራሱን ያሳያል። ሌላኛውን አረቦቹ «ሙተነሒ» ይሉታል፤ ገለል ባይ ማለት ነው። ገዢው ባለበት ቤት ገለል ብሎ፣ ዝም ብሎ ይኖራል። አይሞትም። ከአባትም ከእናትም ሁለት ገለል ባዮች የተገናኙ ዕለት ግን ብቅ ይላል።

መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ጣራ ወጣሁ። እነዚያን ልሙጥ ልጆች እርስ በርሳቸው ተጣምረው አገኘኋቸው፤ ለእርግብ እህትነት ወንድምነት የለም። ጠበቅኩ። ከልጅ ልጆቹ መካከል የአንዷ ላባ ሲሞላ፣ አንድ ማለዳ አናቷ ላይ ላባው ቀና ብሎ ቆመ። የአያቷ ቁንጮ! ልሙጥ አባት፣ ልሙጥ እናት፣ ባለቁንጮ ልጅ። ያን ዕለት ማንም አላየኝም እንጂ አለቀስኩ። መነኩሴው ሰፊ ጓሮና ጊዜ ነበረው፤ እኔ የነበረኝ አንድ ጣራና ከሥራ የተረፈ ሰዓት ነው። ግን ደረስኩበት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመኝ! ዓርብ ዓርብ ቀኑ ሲበርድ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሐበሾቹ ጣራዬ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ነፋስ ለመቀበል ይላሉ፣ እኔን ለመስማት እንደሚመጡ ግን አውቃለሁ። ምንጣፉ ላይ እንቀመጣለን፤ ተራሮቹ ሮዝ ይሆናሉ፤ እኔ ስለ ዘር አስተምራለሁ። በአንዱ ዓርብ የታችኛው ጎረቤቴ፣ ዘበኛው፣ እየሳቀ ጠየቀኝ።

«ሐጂ፣ ታዲያ ያንተዋ ትርፍ ጣት ከየትኛው ናት? ከገዢው ነው ከገለል ባዩ?»

«ምን ጥያቄ አለው! ገዢ ናት እንጂ!» እጄን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ። «አባቴ፣ የአባቴ እናት፣ ከእሷም በላይ። ቁንጮ ትደበቃለች፤ ይቺ አትደበቅም። ስድስት ጣት ያለው ሕፃን ካየህ፣ አባትና እናቱን እጃችሁን አሳዩኝ በላቸው። ከሁለቱ በአንዱ ታገኛታለህ።»

«ሳትጠራ መጥታ፣ ገዢ ነኝ ብላ ቁጭ!» አለ። «ሐጂ፣ ይቺማ ደርግ ናት!»

ጣራው በሳቅ ተናወጠ። እርግቦቹ ተነሥተው አንድ ዙር ዞረው ተመለሱ።

«ደርግ ያልፋል፤ ጣቴ አታልፍም» አልኩት። እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሚስቱ ደረጃው ላይ ቆማ ሻይ ይዛ ትሰማ ነበር። ያኔ እርጉዝ ነበረች።

መውለጃዋ ሲቃረብ ጂዳ እናቷ ዘንድ ሄደች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው። እሱም የምሥራቹን ሲሰማ ከሆቴሉ ፈቃድ ጠይቆ ወረደ። እኛ ከጣራው ሆነን ወደ ጂዳ በኩል እያየን ተደሰትን። በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ ይታረዳል፣ ልጁ ስም ይወጣለታል፣ እኛም ሥጋው ይላክልናል ብለን ጠበቅን። ሥጋ አልመጣም። ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ እሱ ተመልሶ መጣ።

እርግቦቹን ውሃ እያጠጣሁ ነበር። የደረጃውን ኮቴ አወቅኩት።

«መብሩክ! መብሩክ!» አልኩና ዞርኩ። ፊቱን ሳይ አፌን ያዝኩ።

«ሐጂ፣ ያን ቀን ያልከውን ድገምልኝ።»

«የቱን?»

«ስለ ጣትህ ያልከውን።»

«ምን ሆነሃል? ልጁ ደህና ነው?»

«ልጁ ደህና ነው። ስድስት ጣት አለው። በቀኝ እጁ፣ ከትንሿ ጎን።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት ደስታ ነበር። ነገሩ የት እንደሚሄድ ሳላስበው፣ «ማሻአላህ!» አልኩ። እሱ እጁን ዘረጋልኝ።

«ይኸው የእኔ እጅ፣ ቁጠረው። አምስት። የሷም አምስት። የእናቷንም አየሁ፣ አምስት። አባቷም እንደዚያው ነበር አሉ።» በአውራ ጣቱ የእጁን ጠርዝ እያሸ ነበር። «ሐጂ፣ በዚህ ቤት ስድስት ጣት ያለው ማነው?»

ያኔ ገባኝ።

«ወላሂ አል-ዐዚም፣ እህቴ ናት! የአንተን ቤት ደጃፍ ያለአንተ...»

«ወላሂህን ተወው። ስለ እርግብ ስታስተምር ወላሂ አላልክም፤ መጽሐፍ ነው ያልከው። አሁንም መጽሐፉ ተሳስቷል በለኝና ልውረድ። አንዴ ብቻ በለኝ።»

ለመነኝ ማለት ይቻላል። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ነገሩ ያበቃ ነበር ይሆናል። እኔ ግን ያወቅኩትን ነገር አላውቅም ማለት አልችልም፤ ያኔም አልቻልኩም፣ ዛሬም አልችልም።

«መጽሐፉ አልተሳሳተም» አልኩት።

«እንግዲያውስ» አለ። «እናቴ ለሐጅ ልትመጣ ነው። ስንት ዓመት የለፋችበት ሐጅ ነው፤ በእኔ ሐዘን አላበላሽባትም። ሚስትህ የት አለች ካለችኝ ታማ እናቷ ዘንድ ናት እላታለሁ። እናቴ ወደ አገሯ የተመለሰች ዕለት ጦላቁን እሰጣታለሁ፤ እፈታታለሁ። ልጁም በእኔ ስም አይጠራም። ሌላ ስምም አላወጣለትም።»

ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣራዬ ላይ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ዓርብ ዐስር ሶላት ሲያልፍ ምንጣፉን አነጥፋለሁ፤ እኔና እርግቦቹ ብቻ። ከታች ክፍል ድምፅ የለም። ልጁ ጂዳ ውስጥ ስም ሳይኖረው ይጠባል፣ ይተኛል፣ ያድጋል። ስም የሌለው ልጅ በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር፤ ፊት የለውም፣ እጅ ብቻ ነው፤ እጁ የእኔ እጅ ነው።

ጂዳ ወረድኩ። እናቷ ቤት ደጃፍ ቆሜ አንኳኳሁ። በሩ አልተከፈተም፤ የእናቲቱ ድምፅ ብቻ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከደጃችን ራቅ! ልጄን ያቃጠላት ምላስህ ነው። ሰው ምላሱን ይሰበስባል፤ አንተ በጣራ ላይ ትበትናለህ፣ እንደ እህል!»

«እናቴ፣ እኔ እኮ...»

ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ የልጅቷ ድምፅ መጣ። አታለቅስም ነበር። እንደ ድሮው ሻይ ላምጣልህ እንደምትለው ነበር ድምፅዋ።

«ያ አሚ! መጽሐፍህ ስለ ሁሉ ነገር ያውቃል። ስለ እኔ ማፊ ሸይ? ስለ እኔ ምንም የለውም?»

ከደጃፉ ዞርኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኦብሑር ሄድኩ፤ በጂዳ ሰሜን በኩል ባሕሩ ዳር ያለው ቪላ የሞላበት ሰፈር ነው። አንድ ሐበሻ ሐኪም በዕረፍቱ ቀን እዚያ ይመላለሳል። ክርስቲያን ስለሆነ መካ አይገባም፤ ስለዚህ እኔ ነበርኩ ወደ እሱ የምሄደው። መኪናውን ሌሎች ገደል ክተተው ካሉት በኋላ ያስነሣሁለት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን። ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ጠርዝ ላይ ሲራመድ አገኘሁት። ባሕሩ ጠዋት ላይ እንደ ወተት ነበር፤ ሰማዩና ውሃው የሚገናኙበት መስመር አይታይም። ሁሉን ነገርኩት።

በዱላ እርጥቡ አሸዋ ላይ ሣለልኝ፤ አባት፣ እናት፣ ከሥራቸው ልጆች።

«ያልከው ልክ ነው። ትርፍ ጣት ገዢ ባሕርይ ነው» አለኝ።

ይህን ያለው ሐኪም ነው። ልብ ይባል።

«ግን» አለ፣ «ገዢም አንዳንዴ ሳይታይ ያልፋል። ውርሱ በደም ውስጥ ይኖራል፣ እጁ ላይ ግን ምልክት የለም። ለምን እንደሆነ በደንብ አናውቅም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል፣ አጥንት የሌላት ቆዳ ብቻ ትሆናለች፤ በሕፃንነት ትወድቃለች።»

«ታዲያ ለባልዬው ይህን ብነግረው?»

«ሊሆን ይችላል ብለህ ትነግረዋለህ። ነው ብለህ መናገር አትችልም። እኔም አልችልም።»

ማዕበል መጣና አባትን፣ እናትን፣ ልጆቹንም ወሰዳቸው። እርጥብ አሸዋ ብቻ ቀረ።

መካ ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ፤ ከበሩ ውጭ ሆኜ የሐኪሙን ቃል ነገርኩት። ከውስጥ እንዲህ አለኝ፦

«ሐጂ፣ መጀመሪያ አትደበቅም አልክ። ዛሬ ደግሞ ትደበቃለች አልክ። ሐኪሙም መኪናውን የሠራህለት ወዳጅህ ነው። በቃ፣ ኸላስ።»

ምን እለዋለሁ? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።

የሐጅ ሰሞን መጣ። ኩዳይ በሐጅ ሰሞን ሌላ ዓለም ነው። አውቶቡሶቹ ከጂዳ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከውስጣቸው እንደ ወተት ይፈስሳል፤ የሁሉም አገር ቋንቋ አየሩ ላይ ተደባልቆ አንድ ረጅም ጉርምርምታ ይሆናል። ሥራዬ ከአውቶቡስ ሥር ነው። ጀርባዬ ላይ ተኝቼ እግሮች ሲያልፉ አያለሁ፤ ጫማ የለመደ እግር፣ ጫማ ያልለመደ እግር። አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ተኝቼ ሳለሁ ከላዬ የወሎ አማርኛ ሰማሁ።

«አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ ቀስ በሉ! ደረጃው ሩቅ ነው!»

ከሥር ወጣሁ። የእኛ አገር ሐጃጆች ናቸው። አንዲት አሮጊት ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ቆመው ወደ መሬት ያያሉ፤ ፈርተዋል። እጄን ጠርጌ ሰጠኋቸው። ያዙኝና አንድ እግራቸውን አወረዱ፤ ከዚያ ቆሙ። አንዱ እግር መሬት፣ አንዱ እግር ደረጃው ላይ።

«ምነው እናቴ፣ ደከምዎት?»

እጄን ገለበጡ። ጣቶቼን በጣቶቻቸው አንድ በአንድ እየዳሰሱ ሄደው፣ ስድስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ያዟት። ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ፤ ከሩቅ የመጣ ፈገግታ።

«እሰይ፣ እሰይ! አንተንስ እናትህ ተወችህ!»

«ምኔን ተወችኝ?»

«ይቺን ነዋ። የእኔን ልጅ እኔ አሰርኩበት። ሰባት ቀኑ ሳይሞላ፣ በራሴ እጅ በፈተልኩት ክር ከሥሯ ጠበቅ አድርጌ። ጠቆረች፣ ደረቀች፣ ወደቀች። አጥንት የላት፤ እንደ አንተ አልጠነከረችም ነበር። ከዋርካው ሥር ቀበርኳት።»

«ለምን አሰሩበት?»

«አባቱ እንደ አንተ ነበር። ባለስድስት፣ ባለስድስት እያሉ ሲያላግጡበት ያደገ ሰው ነው። ልጄን እንዳይሉብኝ ብዬ። አባቱም ልጁ ሳይድህ ሞተ፤ አላህ ይማረው። ያችን ነገር ከዚያ ወዲህ ለማን አወራታለሁ? የአባቱ ዘመዶች ሁሉ ግን እንደ አንተ ናቸው፤ ልጄ አያውቃቸውም፣ ወደ እናቴ አገር ይዤው ሄጄ ነው ያሳደግኩት። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«እናቴ» አልኩ፣ «ልጅዎ የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ነው። ሆቴል ይጠብቃል። መንሱር በሚሉት ሰፈር ነው ቤቱ። ሊቀበለኝ ይመጣል ብለውኛል።»

ሁለተኛውን እግራቸውንም ደግፌ መሬት አወረድኩላቸው። እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁም። ዓመታት ቆይተው ያገኙት የጠፋ ዕቃ ይመስል ስድስተኛዋን ጣቴን ይዘው ቆሙ። ልጃቸው ሕዝቡን እየጣሰ፣ ልብሱን እያስተካከለ ሲመጣ ያየን እንደዚያ ሆነን ነው።

እኔን ሲያይ ቆመ። እናቱን ሲያይ ሮጠ። ጉልበታቸውን ሳመ፣ አለቀሰ፣ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ፣ ወደ ተያያዘው እጃችን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«እማዬ፣ ይህን ሰው ከየት አወቅሽው?»

«አሁን ነው ያወቅኩት። ጣቱን አይቼ አንተን አስታወሰኝ እንጂ። ና እስቲ፣ እጅህን አምጣ።»

«የምን እጅ?»

«አምጣ ስልህ!»

ሰጣቸው። ሳያዩ፣ በዳሰሳ ብቻ፣ ሲናደድ ወደሚያሻት የእጁ ጠርዝ ሄዱ። እዚያች ቦታ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል እብጠት ነበረች።

«ይቺውላችሁ!» አሉ በኩራት። «ጠባሳዋ አልጠፋም።»

«እማዬ፣ ኪንታሮት ናት እኮ። ድሮም ያለች ናት።»

«የምን ኪንታሮት! ጣትህ ናት። በክር ያሰርኩብህ እኔ እናትህ!»

ልጃቸው እጁን አየ። እጄን አየ። እንደገና እጁን አየ። እኔም ማለት የነበረብኝን አልኩ።

«ገዢ ናት ብዬህ ነበር።»

እናቱ ከዚህ ሁሉ ምንም አልገባቸውም። ልጃቸው አውቶቡሱን ተደግፎ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሊለዩ አልቻሉም። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር፤ ጣት እኮ ናት» ይሉታል፣ ጀርባውን እየመቱ።

በዚያው ዕለት እናቱን ቤት አስገብቶ ጂዳ ወረደ። ደጃፉ ላይ እኔ አልነበርኩም፤ ኋላ እሷው ነገረችኝ። በሩ ሲከፈት እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ እብጠቷን እያሳየ፣ እንደ ለማኝ። እናቷ በሩን መልሳ ዘጋችበት። እሱም ፀሐዩ ላይ ቆየ። መጨረሻ ላይ በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ልጁን አቅፋ መካ መጣች፤ ግን ለእሱ ብላ አይደለም፣ ለአያትየዋ ብላ ነው። ልጁን ለአያቱ ሰጠች፣ ለእኔ ሻይ አመጣች፣ ለባሏ ግን ጀርባዋን እንጂ ቃል አልሰጠችም። ሐጁ እስኪያልፍ እንደዚያው ነበር። እሱም ቻለው፤ ሌላ ምን መብት ነበረው!

የመጣች ዕለት ጣራው ላይ ወጥታ፣ ሻዩን አስቀምጣ፣ «ያ አሚ፣ አሁን መጽሐፍህ ላይ እኔንም ጻፈኝ» አለችኝ። መጽሐፉ ኅዳግ ነበረው። ጻፍኳት።

ዓቂቃው ከሐጅ በኋላ በእኔ ጣራ ላይ ሆነ። ምንጣፉ እንደገና ሞላ። ተራሮቹ ሮዝ ሆነው ነበር። ብርሃኑ ከሁላችን ፊት ላይ እንደ ማር ይወርዳል፤ ዛሬም ከቀትር በኋላ ጋደም ስል በብዛት የምደርሰው እዚያች ሰዓት ላይ ነው። የአሁኑን ሁሉ ትቼ እዚያ ብቀር ቅር አይለኝም።

ስም ከመውጣቱ በፊት አያትየዋ ከመቀነታቸው ጫፍ አንድ ነጭ ክር ፈቱ። ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ራሳቸው የፈተሉት ነው። የልጁን ቀኝ እጅ ከመጠቅለያው አወጡ። ስድስተኛዋ ጣት ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ጥፍሯ እንደ ዓሣ ቅርፊት ታበራ ነበር።

«ገና ለስላሳ ናት። ልሰርለት» አሉ በርኅራኄ።

ልጃቸው ሚስቱን አየ። እኔ እንኳ፣ በሕይወቴ ሐሳቤን ሳልናገር ያለፍኩበት ቦታ የሌለ ሰው፣ ዝም አልኩ። መናገር የሚገባት አንዲት ሰው ነበረች።

«ላ» አለች ልጅቷ። አያትየዋን እጃቸውን ይዛ፣ ክሩን በቀስታ ከጣቶቻቸው ወስዳ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። «አይታሰርም። ይታይ።»

«ይታይ» አለ ባሏ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው።

ከዚያ ስም ወጣለት። የእኔን ስም ይሰጡታል ብዬ አዲስ ሠውብ ለብሼ፣ ሽቶ ተቀብቼ ነበር። የአባቱን አባት ስም ሰጡት፤ ያን ባለስድስት ጣት ሰውዬ። ቅር አላለኝም። ትንሽ ብቻ።

ሰዎቹ ሥጋውን ሲበሉ፣ ሲሳሳቁ፣ ያች ባለቁንጮዋ እርግብ፣ የልጅ ልጅየዋ፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ወረደች። ግራ ቀኝ አየች። ክሩን በምንቃሯ አነሣች፤ ተንጠልጥሎ በፀሐዩ ላይ እየተውለበለበ ይዛው ወደ ጎጆዋ በረረች። ከእኔ በቀር ያያት የለም። እዚያ ክር ላይ እንቁላሏን ጣለች። ባሏ ከሐረሙ የመጣ አመድማ ነበርና የተፈለፈሉት ጫጩቶች ሁሉም አናታቸው ልሙጥ ሆነ። ቁንጮው የት እንዳለ ግን እኔ አውቅ ነበር።